ሐዋሳ ላይ ዓሣ፦ ከማን ጋር ነው የምትበሉት?

ሐዋሳ መጥቶ ዓሣ ሳይበላ የሚመለስ ሰው አላውቅም። የት እንደምትበሉ ግን አብሯችሁ ያለው ሰው ይወስናል።

ከሥራ ባልደረቦች ጋር ከሆነ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ ሂዱ፤ ቆሮሶው (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) እዚያው ቅርፊቱ ተነስቶ ሙሉውን ይጠበሳል፣ ዳጣ ይቀርብለታል፣ የዓሣ ሾርባው ደግሞ ማታ ላመሸ ሰው መድኃኒት ነው። ደፋሮቹ ጥሬውንም ይበላሉ (እኔ ይቅርብኝ)። ሁሉም በእጁ እየፈለፈለ ስለሚበላ አለቃና ሠራተኛ አይለይም።

እናቴንና ልጆቹን ግን እዚያ አልወስድም። መቀመጫው አይመችም፣ ትልልቆቹ አሞራዎችም ልጆቹን ያስፈራሉ። ለእነሱ ሐይቁ ዳር ካሉት ሬስቶራንቶች አንዱ ገብተን ዓሣ ጉላሽ አዘዝን፤ እሾህ ስለሌለው ለልጅ ይመቻል። ጣዕሙ አሪፍ፣ ጥላው አሪፍ፣ መስተንግዶው ግን ኧረ! ምግቡ አንድ አንድ እያለ መጣ፣ የልጆቹ መጨረሻ ላይ ደረሰ፣ እናቴ "እነሱ ሳይበሉ አልነካም" ብላ የእሷ ቀዘቀዘ። ሒሳቡ ላይ ደግሞ ሜኑው ያላነሳው 15 በመቶ ቫት ተደምሯል። ሳታዙ በፊት ዋጋው ቫትን ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ፣ አያሳፍርም።