የሰሜን ኦንታሪዮ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥልጠና ሲመዘን

እ.ኤ.አ. በ2005 ማስተማር የጀመረው ይህ የካናዳ ተቋም የተከፈተው ሐኪም በማይበረክትበት ሰፊ ምድር ለሚኖሩ የገጠር ነዋሪዎች፣ ነባር ሕዝቦችና የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች የሚያገለግሉ ሐኪሞችን ለማፍራት በመሆኑ፣ ሥልጠናውን የምመዝነውም በዚሁ ዓላማ ነው።

ትልቁ ብርታቱ የመስክ ትምህርቱ ነው። ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት ለአራት ሳምንታት በነባር ሕዝቦች መንደሮች ይቆያሉ፤ በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ስምንት ወር ያህል በአነስተኛ ከተሞች ከቤተሰብ ሐኪሞች ጋር ይሠራሉ። በትልቅ ሆስፒታል ከክፍል ወደ ክፍል በየጥቂት ሳምንቱ የሚዘዋወር ተማሪ ሕመምተኛውን በአብዛኛው የሚያውቀው አልጋ ላይ ተኝቶ ሲሆን፣ እዚህ ግን ያንኑ ሰው በወራት ውስጥ ደጋግሞ ማግኘት ስለሚችል፣ መድኃኒቱን ያቋረጠው በቸልተኝነት ይሁን በመንገድ ርቀት ወይም በገንዘብ እጦት ለይቶ ማወቅን ይማራል። ይህን የትኛውም የመማሪያ ክፍል አይተካውም፤ የጤና ልዩነት ከየት እንደሚመጣ የሚገባውም እንዲህ ነውና።

ለመግቢያ ሲመርጥ በሰሜኑና በገጠር ላደጉ አመልካቾች ትኩረት መስጠቱንም እደግፋለሁ፤ በገጠር ያደገ ሐኪም በገጠር የመሥራት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑ በብዙ አገሮች ታይቷል።

ሆኖም ሰሜኑ ዛሬም የሐኪም እጥረት አለበት። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው የጂቺ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ተመራቂው ወደ መጣበት ክፍለ አገር ተመልሶ ለዘጠኝ ዓመት ያህል ሲያገለግል የትምህርት ብድሩ እንዲሰረዝለት ያደርጋል። ግዴታው ረጅም ቢሆንም፣ የድሃ ቤተሰብ ልጅ ዕዳን ፈርቶ ከሕክምና ትምህርት እንዳይቀር ስለሚያደርግ በዚህ ረገድ የጃፓኑን አሠራር አስበልጣለሁ።