ጎዶሎ ገንዳ፦ በአራት ኪሎ ሚስትሪ ስኔል ያረባሁባቸው ዘጠኝ ወራት

ይህ ግምገማ የሚመለከተው የመስታወት ገንዳ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 35፣ ቁመቱም 35 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ በ6 ሚሊ ሜትር መስታወት የተሠራ ነው፤ ከስፖንጅ ማጣሪያ፣ ከአየር ፓምፕና ከ50 ዋት የውሃ ማሞቂያ ጋር አንድ ላይ የገዛሁት በጥቅምት ወር መጀመሪያ ነበር። እስከ አፉ ቢሞላ ከ70 ሊትር በላይ ይይዛል፤ እኔ ግን ከ52 ሊትር በላይ አልጨምርበትም፤ ከውሃው በላይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ እተዋለሁ። ስገዛው ሻጩ የነገረኝ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ብቻ ነበር፤ እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። ከዘጠኝ ወር በኋላ ግን ሚስትሪ ስኔል የሚባለውን የውሃ ቀንድ አውጣ ማርባት ለሚፈልግ ሰው የገንዳው ዋጋ ያለው ውሃ በማይደርስበት ክፍሉ እንደሆነ ተረድቻለሁ። የደረሰብኝ ኪሳራም ሆነ ያገኘሁት ውጤት የመጣው ከዚያ ባዶ ቦታ ነው።

ምክንያቱ ከእንስሳው አፈጣጠር ይጀምራል። ሳይንሳዊ ስሙ ፖማሴያ ዲፉሳ የሆነው ይህ ቀንድ አውጣ የትውልድ ቦታው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ሕይወቱን በውሃ ውስጥ ቢያሳልፍም እንቁላሉን ውሃ ውስጥ አይጥልም። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ከውሃው ወጥታ በመስታወቱ ወይም በክዳኑ የውስጥ ገጽ ላይ ትለጠፍና፣ እንቁላሎቿን አንድ በአንድ እያወጣች አንዱን ከሌላው በማጣበቅ የወይን ዘለላ የመሰለ ክምር ትሠራለች። በአንድ ዘለላ ውስጥ ከ50 እስከ 200 የሚደርሱ እንቁላሎች ሊኖሩ ይችላሉ። ዘለላው እንደተጣለ ለስላሳና እርጥብ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቆይ ይጠነክራል። ውሃ ውስጥ ከገባ ፅንሶቹ ታፍነው ይሞታሉ፤ ፈጽሞ ከደረቀም እንዲሁ ይሞታሉ። የሚፈልገው ከውሃው ራቅ ያለ፣ ሞቃትና እርጥበት የሞላበት አየር ስለሆነ፣ ይህን አየር ይዞ የሚያቆይ ክዳን የሌለው ገንዳ የቱንም ያህል ቢያምር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አዋቂው ቀንድ አውጣም ባዶውን ቦታ ይጠቀምበታል። እንደ ዓሣ የሚተነፍስበት ስንጥብም፣ ከአየር የሚተነፍስበት ሳንባም አለው፤ ወደ ውሃው ወለል ተጠግቶ ረጅም የመተንፈሻ ቱቦውን ያወጣና መላ አካሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየወዘወዘ አየር ይስባል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ዕለት ከፊቱ ተነሥቼ መሄድ አልቻልኩም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነችው ከተማችን የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ በመሆኑ፣ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅን እኩል ሙቀት ካለው የባሕር ዳርቻ ውሃ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ያንሳል። ዓሣ ለሚያረባ ይህ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው፤ ሚስትሪ ስኔል ግን በቱቦው ስለሚተነፍስ፣ መብራት ጠፍቶ የአየር ፓምፑ ለሰዓታት ሲቆም እንኳ ጉዳት ሲደርስበት አላየሁም።

የገዛሁት ስድስት ነበር። ወንድና ሴት ለየብቻቸው የሆኑ እንስሳት ናቸው፤ ይሁን እንጂ ጾታቸውን በውጫዊ መልካቸው መለየት ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው። ሁለት ብቻ የሚገዛ ሰው ሁለቱም አንድ ዓይነት ጾታ የመሆናቸው ዕድል ከሁለት አንድ ሲሆን፣ በስድስት ግን ይህ ስጋት ከ32 አንድ ብቻ ይሆናል። ሴቷ የወንዱን ዘር በሰውነቷ ውስጥ ለወራት ማቆየት ስለምትችል፣ ብቻዋን የተገዛች ሴትም ፍሬያማ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ ሆኖም በዚህ ተስፋ አድርጎ አንድ ብቻ መግዛትን አልመክርም።

አሁን ወደ ክዳኑ ልመለስ፤ ከገንዳው ሁሉ የከፋው ጉድለት ያለው እዚያ ነው። ክዳኑ አንድ ወጥ መስታወት ሲሆን፣ ለኤሌክትሪክ ገመዱና ለአየር ቱቦው ማሳለፊያ ተብሎ አንዱ ማዕዘኑ 5 በ10 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆርጧል። በኅዳር ወር አንዷ ሴት በዚያ ቀዳዳ ወጥታ ወደ ሲሚንቶው ወለል ወደቀች፤ ጠዋት ሳገኛት የዛጎሏ ከንፈር ተሰብሮ፣ የዛጎሏን አፍ በመዝጊያው አጥብቃ ዘግታ ነበር። ዛጎሏን ከጠርዙ እያደሰች በሁለት ወር ውስጥ አገገመች፤ የስብራቱ ምልክት ግን ዛሬም ይታያል። በዚያው ወር መጨረሻ የተጣለው የመጀመሪያው ዘለላ የተለጠፈው ከዚሁ ቀዳዳ ሥር ነበር። የበጋው አየር ምን ያህል ደረቅ እንደሆነ አላሰብኩበትም፤ አንድ ወር ጠብቄ በጣቴ ስነካው ባዶ ቅርፊት ሆኖ ፈረሰ። ሁለተኛውን ዘለላ ያጠፋሁት ራሴ ነኝ፤ በታኅሣሥ ውሃ ለቀናት ጠፍቶ በሌሊት ሲመጣ፣ አስቀድሜ አቆይቼው የነበረውን ውሃ ሁሉ በችኮላ ገለበጥኩበትና የዘለላው የታችኛው ግማሽ ሰጠመ። ከዚያ ወዲህ በመስታወቱ ውጭ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ በማርከር መስመር አስምሬያለሁ፤ ቀዳዳውንም ለቱቦውና ለገመዱ ልክ በተቆረጠ ስፖንጅ ደፍኜዋለሁ። ይህ ዋጋ ያልጠየቀ ማስተካከያ ከገንዳው ጋር ከመጡት ዕቃዎች ሁሉ የበለጠ ጠቅሞኛል።

ማሞቂያው ሁለተኛው ቅሬታዬ ነው። ገንዳው ያለበት ሳሎናችን አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ መስኮቱም ሰፊ በመሆኑ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች የክፍሉ ሙቀት እስከ 16 ዲግሪ ይወርዳል፤ በዚህ ጊዜ 50 ዋቱ ውሃውን ከ22 ዲግሪ በላይ ሊያሞቀው አልቻለም። ሚስትሪ ስኔል ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ውሃ መኖር ስለሚችል ለአዋቂዎቹ አያሰጋም፤ ነገር ግን ከላይ ያለውን አየር የሚያሞቀውና የሚያረጥበው ውሃው ስለሆነ ለእንቁላሉ በቂ አልነበረም። በጥር መጀመሪያ በ100 ዋት ቀይሬው ውሃው 25 ዲግሪ ላይ ረጋ። ገንዳው ጎዶሎ በመሆኑ ማሞቂያው ቆሞ ሲገባ አናቱ ከውሃው በላይ ይቀር ነበርና፣ በመምጠጫዎቹ ወደ ታችኛው መስታወት አስጠግቼ በአግድም አስቀምጬዋለሁ። መብራት በሌሊት ሲጠፋ ገንዳውን በጋቢ እሸፍነዋለሁ፤ ስድስት ሰዓት በቆየ መቋረጥ ውሃው የቀነሰው ሦስት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው።

ሦስተኛው ዘለላ ጥር 4 ሌሊት ተጣለ። በዚህ ጊዜ ቀዳዳው ተደፍኖ ነበር፤ በክዳኑ የውስጥ ገጽም ሁልጊዜ ጤዛ ይታይ ነበር። ሁለት ሳምንት ሲሞላው የዘለላው ፈዛዛ ሮዝ ቀለም ጠፍቶ ግራጫ ሆነ፣ እዚህም እዚያም ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ታየበት፤ ሻጋታ የያዘው ስለመሰለኝ ልፍቀው ቢላዋ እስከ ማንሣት ደርሼ ነበር። ለጀማሪ ሁሉ አጥብቄ የምናገረው ይህንን ነው፦ ሻጋታ የሚመስለው ያ መልክ ሊፈለፈል የተቃረበ እንቁላል መልክ ነው፣ አይንኩት። ጥር 22 ጠዋት እማዬ ከሳሎን ጠርታኝ ስመጣ ዘለላው ተሸንቁሯል፤ በመስታወቱ ላይ ከምስር ፍሬ የሚያንሱ፣ ቀንዳቸውም ዛጎላቸውም ሙሉ የሆነ ግልገሎች ወደ ውሃው ይወርዱ ነበር። እጮች ሆነው የሚያሳልፉት ጊዜ የላቸውም፤ ከእንቁላል ሲወጡ የወላጆቻቸውን መልክ ይዘው ነው። በማጉያ መነጽር ቆጥሬ 64 አገኘሁ። ከእነዚህ 51ዱ አድገው በሦስት ወር ውስጥ የአንድ ብር ሳንቲም አክለዋል።

ግልገሎቹን በሕይወት ያቆየልኝ የስፖንጅ ማጣሪያው ነው። ኃይለኛ ፓምፕ ያለው ማጣሪያ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ግልገሎችን ሊውጥ ሲችል፣ ስፖንጁ ግን አይጎዳቸውም፤ እንዲያውም በላዩ የሚያድገውን ስስ የረቂቅ ተሕዋስያን ሽፋን ይግጡታል። በየሁለት ሳምንቱ ከገንዳው በወጣ ውሃ ውስጥ እጨምቀዋለሁ፤ በቧንቧ ውሃ ቢታጠብ ክሎሪኑ ቆሻሻ የሚያጣሩትን ባክቴሪያዎች ስለሚገድል እጠነቀቃለሁ። ስለ ማጣሪያው ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም፤ ያለ እንከን ሠርቷል።

ብዙ ያስተማረኝ የዛጎሉ ጉዳይ ነው። ዛጎል የሚሠራው ከካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ፣ ካልሲየም ባነሰበትና አሲዳማነቱ ባመዘነ ውሃ ውስጥ ዛጎሉ ይቦረቦራል፤ ነጭ ነጭ ጠባሳም ያወጣል። የአዲስ አበባ ውሃ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ስለሚመጣ በሁሉም ሰፈር አንድ ዓይነት ነው ማለት አይቻልም፤ የጎረቤትን ልምድ ከመውሰድ በመለኪያ ወረቀት መለካት ይሻላል። የእኔ ቤት ውሃ ሲለካ ለስላሳ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የዶሮ እንቁላል ቅርፊት ቀቅዬ፣ አድርቄና ፈጭቼ በስስ ጨርቅ ቋጥሬ ከማጣሪያው አጠገብ አኖርኩ፤ ጥቂቱንም በምግባቸው ላይ እነሰንሳለሁ። ዓቢይ ጾም ሲገባ ግን ለ55 ቀን በቤታችን እንቁላል አይሰበርም፤ አስቀድሜ ማጠራቀም እንደነበረብኝ ያወቅሁት ቅርፊቱ በሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ነው። በዚያ ሰሞን ያደገው የዛጎላቸው ክፍል እንደ ቀለበት ስስና ፈዛዛ ሆኖ ቀርቷል። በኋላ በሰፈሩ ካለ ኬክ ቤት ቅርፊት እየለመንኩ ጾሙን አሳለፍኩ።

ምግባቸው በአብዛኛው ጎመን ነው። የሐበሻ ጎመን ካልሲየሙ ብዙ ነው፤ ቆስጣ ግን በውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ስለሚይዝባቸው እምብዛም አልሰጣቸውም። ቅጠሉን ደኅና አድርጌ አጥቤ፣ እስኪለሰልስ ለጥቂት ደቂቃ ቀቅዬ እጨምርላቸዋለሁ፤ ዝኩኒና ዱባም ይወዳሉ። እማዬ በመጀመሪያ ገንዳውን ሳሎን ማስገባቴን አልወደደችውም ነበር፤ አሁን ግን ጎመን በምትከትፍበት ቀን «ልጄ፣ ዳር ዳሩን ለእነሱ አስቀምጬልሃለሁ» ትለኛለች። የተረፈ ምግብ ከአንድ ቀን በላይ ውሃ ውስጥ እንዲቆይ አልፈቅድም፤ የሞተ ቀንድ አውጣም ቶሎ ካልወጣ ውሃውን በአሞኒያ ይመርዘዋል። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ደግሞ ለቀንድ አውጣ ገዳይ ስለሆነ ወደዚህ ገንዳ ፈጽሞ አይገባም።

የሚፈለፈሉት ሁሉ እንዲያድጉ መተው ግን አይቻልም። ይህ ዝርያ በአብዛኛው የሚመገበው አልጌና የበሰበሰ ቅጠል ቢሆንም፣ ዘመዱ ፖማሴያ ካናሊኩላታ ሩዝ አጥፊ ነው፤ በኬንያ የምዌያ የሩዝ መስኖ በ2020 እ.ኤ.አ. ተገኝቷል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2012 እ.ኤ.አ. መላውን የፖማሴያ ወገን እንዳይገባ ከልክሏል። የካናሊኩላታ እንቁላል ደማቅ ሮዝ፣ በዛጎሉ ጥምዝምዞች መካከል ያለው ስፌትም እንደ ቦይ የጠለቀ ስለሆነ፣ ገዢው እነዚህን ምልክቶች ይመልከት። ከሰፈሬ ዝቅ ብሎ የሚያልፈው የቀበና ወንዝ በአቃቂ በኩል አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽ ደግሞ የስንት ገበሬ መስኖ ነው። ስለዚህ ከገንዳዬ አንድም ቀንድ አውጣ፣ አንድም እንቁላል ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ፍሳሽ አይሄድም። እዚህ ላይ ባዶው ቦታ እንደገና ይጠቅማል፤ ዘለላው ከውሃ በላይ በግልጽ ስለሚታይ፣ በተጣለ በሁለተኛው ቀን በቀስታ አንሸራትቼ አወርደውና በፌስታል ጠቅልዬ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ቀን ካቆየሁት በኋላ እጥለዋለሁ። ከጥር ወዲህ ከተጣሉት ስምንት ዘለላዎች እንዲፈለፈሉ የተውኩት ሁለቱን ብቻ ነው።

መስታወቱና ሲሊኮኑ በዘጠኝ ወር ውስጥ አንድ ጠብታ አላፈሰሱም፤ ስለዚህ ገንዳውን ለመግዛት ለሚያስብ ሰው፣ ክዳኑን አስተካክሎ ማሞቂያውን በ100 ዋት ከቀየረ፣ ይግዛው እላለሁ። እኔ ሁለተኛውን ገንዳ ባለፈው ሳምንት ለመስታወት ቆራጭ አዝዣለሁ፦ ወለሉ ያው 60 በ35፣ ቁመቱ ግን 40 ሳንቲ ሜትር፣ ክዳኑ ለሁለት የተከፈለ፣ የገመድ ማሳለፊያውም ከ2 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ እንዲሆን። ቆራጩ ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ ሲጠይቀኝ 25 ሳንቲ ሜትር አልኩት፤ ደግሞ ጠየቀኝ፣ እኔም ደግሜ ነገርኩት።