ካርፕሌዩ ይቀመጥ፣ ቁልፌን ግን መልሱልኝ

መኪናዋን ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። ሞተሯ ደህና ነው። ፍሬኗ፣ ወንበሯ፣ የነዳጅ ፍጆታዋ፣ ሁሉም ደህና። ስለ እነሱ ብዙ የምለው የለኝም። ቁጭ ብዬ እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ ነገር ነው፦ የፓራብሬዛው ጭጋግ ማጥፊያ።

ዳሽቦርዱ መሀል ላይ ትልቅ ስክሪን ተገትሯል። ከሥሩ አንድም ቁልፍ የለም፣ ልሙጥ ነው። ድምፅ፣ ኤሲ፣ ማሞቂያ፣ ሁሉም ስክሪኑ ውስጥ ገብቷል። ስልኬ ሲገናኝ ደግሞ ካርፕሌይ፣ ማለትም የአይፎንን ካርታ፣ ሙዚቃና ጥሪ መኪናው ስክሪን ላይ የሚያወጣው የአፕል ሥርዓት፣ ይመጣና ገጹን በሙሉ ይይዘዋል። ካርታው ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ መልእክት ይነበብልኛል፣ ያቋረጥኩት ዘፈን ካቆመበት ይቀጥላል። ማን ይሙት፣ ይሄን እወደዋለሁ። ችግሩ ዝናብ ሲመጣ ነው።

አንድ ማታ ዝናቡ ሲወርድ መኪናዋ ሙሉ ሰው ነበር። እርጥብ ልብስ፣ የሰው ትንፋሽ፣ ቀዝቃዛ መስታወት። ጭጋጉ ከታች ከጥጉ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። የድሮ መኪናዬ ቢሆን እጄ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። አንዴ ጠቅ ሳደርገው ነፋሱ ወደ መስታወቱ ይዞራል፣ ኤሲው በርቶ አየሩን ያደርቃል፣ የውጭ አየር መግባት ይጀምራል። ዓይኔ ከመንገዱ አይነቀልም።

አዲሷ ላይ ግን መጀመሪያ ከካርታው መውጣት አለብኝ። ለዚያ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ የመኪና ምልክት መንካት። ከዚያ ወደ አየር ገጹ መግባት። እዚያ ደግሞ አንድ የሚመስሉ ትናንሽ ሥዕሎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ለፊት መስታወት፣ አንዱ ለኋላ፣ አንዱ ለእግር። መንገዱ ጎርበጥ ሲያደርገን ጣቴ ሳተና የወንበር ማሞቂያው በራ። እሱን ላጠፋ ስል ስልክ ተደወለ። ካርፕሌይ ገጹን ነጠቀኝ። እንደገና ከሀ! ይሄ ሁሉ ሲሆን አጠገቤ የተቀመጠው ሰው መሀረቡን አውጥቶ ፓራብሬዛውን መወልወል ጀምሯል። ከስልክ ጋር በምታወራ መኪና ውስጥ፣ በመሀረብ!

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይበላል። እኔ ሥዕል ስፈልግ ስንት ሜትር እንደሄድን አስቡት።

ሻጩ እዚህ ቢኖር የሚለው ይታወቃል። «ጌታዬ፣ ለምን በድምፅ አያዙትም?» ወንድሜ፣ ሞክሬዋለሁ። ስልኩ ሲገናኝ መሪው ላይ ያለችው የድምፅ ቁልፍ የምትጠራው የስልኩን ረዳት ነው። ያ ረዳት የእኔን መኪና ማሞቂያ አያውቀውም። መስታወቱን ጥረግ ስለው የመስታወት ቤት ካርታ ላይ ይፈልግልኛል። የመኪናዋን ረዳት ለማግኘት ያቺኑ ቁልፍ ረዘም አድርጎ መጫን ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ የዝናቡ ድምፅና የተሳፋሪው ወሬ ሲደባለቅበት «ይቅርታ፣ አልሰማሁዎትም» ይላል።

«አይዞዎት፣ አፕዴት ይመጣል» ይለኝ ይሆናል። መጣ እኮ! አፕዴቱ ሲመጣ ምልክቷን ከግራ ወደ ቀኝ ወሰዳት። እጄ ሊለምዳት ትንሽ ሲቀረው። የፕላስቲክ ቁልፍ ሌሊት ተነስቶ ቦታ አይቀይርም።

«ሁሉም ወደ ስክሪን እየሄደ ነው፣ ዘመኑ ነው» የሚለው ደግሞ ጭራሽ አይዋጥልኝም። በ2022 ቪ ቢልያጋሬ የተባለ የስዊድን የመኪና መጽሔት አዳዲስ መኪኖችን ከአንድ የ2005 ቮልቮ ጋር አወዳድሮ ነበር። ፍጥነቱ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር። ሥራው የወንበር ማሞቂያ ማብራት፣ ሙቀት መጨመር፣ ሬዲዮ ጣቢያ መቀየር፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነው። የእኔው ጭጋግ ማጥፊያም አለበት። ሾፌሮቹ ከመኪኖቹ ጋር እንዲተዋወቁ አስቀድሞ ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። ቁልፍ በቁልፍ የሆነው አሮጌው ቮልቮ ሁሉንም በ10 ሰከንድ ጨረሰ፣ በ306 ሜትር ውስጥ። መጨረሻ የወጣው አዲስ መኪና ወደ 45 ሰከንድ ገደማ ፈጀ። ያ ማለት ከ1,300 ሜትር በላይ ነው። ዘመን ማለት ይሄ ከሆነ እኔ ይቅርብኝ።

ደግሞም ዘመኑ ራሱ እየተመለሰ ነው። የመኪና ደህንነት የሚመዝነው ዩሮ ኤንካፕ ከ2026 ጀምሮ ለፍሬቻ፣ ለድንገተኛ መብራት፣ ለክላክስ፣ ለዝናብ መጥረጊያና ለአደጋ ጥሪ እውነተኛ ቁልፍ ለሌለው መኪና ሙሉ ነጥብ አልሰጥም ብሏል። ደስ ይላል። ጭጋግ ማጥፊያው ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ መቼም እኔን አላማከሩኝም። ቮልስዋገንም የድምፅ፣ የሙቀትና የማራገቢያ ቁልፎችን ከስክሪኑ ሥር እንደሚመልስ ተናግሯል።

የሚገርመው ጄኔራል ሞተርስ ነው። በ2023 ቀጣይ የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ላይ ካርፕሌይንና የአንድሮይድ ስልኮች አቻው የሆነውን አንድሮይድ ኦቶን እንደሚያስቀር አስታወቀ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ስልኩ ምን አደረገ? የስልኬ ካርታ መንገድ ሲዘጋ ያውቃል፣ የምሄድበትን አድራሻ ከመነሳቴ በፊት ሶፋ ላይ ሆኜ እጽፍለታለሁ። ፋብሪካው የሠራው ካርታ ይሄን ሲያደርግ አላየሁም። ሥራው የተለያየ ነው። ካርታ መታየት አለበት፣ ስለዚህ ስክሪን ይፈልጋል። ማሞቂያ መዳሰስ አለበት፣ ስለዚህ ቁልፍ ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ አጨናንቆ ያጣላቸው ስልኬ አይደለም፣ ጥቂት የፕላስቲክ ቁልፎችን የቆጠበው ሰው ነው።

ስለዚህ መኪናዋን እሸጣለሁ? አልሸጥም። በደረቅ ቀን፣ ረጅም መንገድ ላይ፣ ካርታው በርቶ ሙዚቃው ሲፈስ ደስ ትላለች። ከአምስት ሦስት ተኩል ሰጥቻታለሁ። ዛሬ ዝናብ ቢሆን ሁለት ነበር የምሰጣት። ልትገዙ የምትሄዱ ሰዎች ሻጩ ሙዚቃ ሲከፍትላችሁ አትደነቁ። ስልካችሁን አገናኙ፣ ካርታ ክፈቱ፣ ከዚያ «እስቲ ጭጋግ ማጥፊያውን አብራልኝ» በሉት። ፊቱን ሳይሆን ጣቱን ተከታተሉ።

ሳልረሳው፣ መሪው ላይ ኮከብ ያለባት አንዲት ቁልፍ አለች። የፈለጉትን ሥራ መርጠው የሚሰጧት ናት። ስገዛ ሻጩ ደጋግሞ ነው ያሳየኝ። ይሄን ያህል ስማረር ከርሜ በቅርቡ መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ ዝርዝሩን ከፈትኩት። ሬዲዮ መቀየር ይቻላል። የኋላ ካሜራ ማብራት ይቻላል። እግር ሥር ያለውን የጌጥ መብራት ከሰማያዊ ወደ ወይን ጠጅ መለወጥም ይቻላል። ጭጋግ ማጥፊያ የለም። ለአምራቹ የደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩላቸው። ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን ብለው መለሱ፣ ከሥሩም ካርፕሌይን እንዴት እንደማገናኝ የሚያሳይ ቪዲዮ ላኩልኝ።