«አሳ ካልተያዘ ገንዘብ ይመለሳል» የምትለዋን የጎርጎራ ጉዞ ተጠንቀቋት

ጎንደር ያላችሁ፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ ከጓደኛ ጋር ወጣ ማለት የምትወዱ፣ ሰሞኑን በቴሌግራም የሚዞር አንድ ማስታወቂያ አለ። «ጎርጎራ ሄደን አሳ እናጥምድ! ትራንስፖርት፣ ጀልባ፣ መንጠቆ፣ ምሳ፣ ሁሉም በ1,800 ብር። አንድም አሳ ካልተያዘ ግማሹ ይመለሳል» ይላል። እኛ ከፍለን ሄደን አይተነዋል። እናንተ እንዳትከፍሉ።

ፎቶውን ልብ ብላችሁ እዩት። አንድ ሰውዬ በሁለት እጁ እንኳ የከበደውን አሳ ታቅፎ ይስቃል። ያ አሳ ናይል ፐርች ነው፤ ጣና ውስጥ ናይል ፐርች የለም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለው አሳ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ ዘግቶታል፤ እንደዚያ ያለውን የምታገኙት ጫሞ ወይም ጋምቤላ ነው። ጣና ላይ ያለው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው፣ አምባዛ ነው፣ ሌላ አገር የማይገኙ ባርበስ የሚባሉ የአሳ ዓይነቶችም አሉ። እንግዲህ ሻጩ ወይ አሳ አያውቅም፣ ወይ እኛ እንደማናውቅ ያውቃል።

ንጋት 12 ሰዓት ፒያሳ እንገናኝ ተባልን፤ ሚኒባሱ የተነሳው ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። በአዘዞ በቆላ ድባ አድርጎ እስከ ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገድ ላይ ደግሞ ለቁርስ ቆመ። «ምን ቸኮላችሁ፣ ሽርሽር አይደል እንዴ?» ይለናል አስተባባሪው። የሚያስቸኩል ነገር ግን አለ። ጣና ጠዋት ጸጥ ብሎ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳበታል፤ ሞገዱን ለማያውቅ ሰው ቀላል አይደለም። እኛ ጀልባ ላይ ስንወጣ ንፋሱ ጀምሯል። ሰው ከልኩ በላይ ተጭኗል። የሕይወት አድን ጃኬት ሲጠየቅ ሁለት ወጣ፤ አንዱ ማሰሪያው የተበጠሰ፣ ሌላው የሕፃን። መዋኘት የማትችል ጓደኛችን የሕፃኑን ደረቷ ላይ አቅፋ ተቀመጠች። እኔ በበኩሌ ከአሳው ይልቅ የተናደድኩት በዚህ ነው።

የመንጠቆው ክር በጣት ሲሳብ ይበጠሳል። ለማጥመጃ የሰጡን የሥጋ ትርፍራፊ ነው። ዳር ላይ መረብ ሲያጥብ የነበረ አንድ አባት ቆሮሶ በዋነኛነት አልጌ (ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ደቃቅ ተክል) የሚበላ አሳ ስለሆነ ሊጥ እንደሚሻለው ነገሩን። አምባዛማ የማይበላው የለም፤ ግን የሚነቃው ሲመሽ ነው፣ ጉዞው ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ ያልቃል። ይባስ ብሎ ጀልባዋን የመገጭ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ ወደሚገባበት ወስደው እንቦጭ የተባለው የውሃ አረም ውስጥ ከተቷት። እንቦጩ ሐይቁ ላይ ከሰፈረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ የአካባቢው ሰው መግቢያ መውጫውን ያውቃል። ሞተሩ ተጠምጥሞበት ቆመ፤ የጀልባዋ ረዳት ልጅ ቢላ ይዞ ጎንበስ ብሎ ሥሩን ሲቆርጥ እኛ ወዲያ ወዲህ እንላለን።

ዋናው ተንኮል የመጣው ምሳ ላይ ነው። «ዘንጎቹን ለልጁ ትታችሁ ኑ ብሉ» ተባልን። ስንመለስ በአንዱ ጓደኛችን ዘንግ ላይ ቆሮሶ ተንጠልጥሏል! አስተባባሪው እልል ሊል ምንም አልቀረውም። ጓደኛችን አሳውን ያዝ አድርጎ፣ «እኔን ሳይሆን ገበያ ሲጠብቅ የሞተ ነው» አለ። ደርቋል። ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ነጭ ሆኗል። የጉንጩን ክዳን ገልጠን ስንጥቡን (መተንፈሻውን) አየነው፣ ቡናማ ነው። ሥጋው በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል። መንጠቆው ደግሞ የገባው በአፉ ሳይሆን ከውጭ በከንፈሩ በኩል ነው። አሁን የወጣ አሳ ስንጥቡ ቀይ፣ ዓይኑ ጉልህና ጥርት ያለ፣ ሥጋው ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ ነው። ገበያ ስትገዙም በዚሁ እዩት፤ በተለይ በጾም ወራት አሳ ሲወደድ የሰነበተውንም ይቀላቅላሉ። (አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየቤታችሁ ትቼዋለሁ።)

ያቺ አንዲት አሳ ለምን እንደተሰቀለች ገባችሁ? «አንድም ካልተያዘ» ይላላ ማስታወቂያው። አንድ ተይዟል፣ ስለዚህ ተመላሽ የለም። ስንሟገት፣ «ተስማምታችሁ ነው የከፈላችሁት» አለን። ደረሰኝ ስንጠይቅ ሳቀ።

ጎርጎራ መሄዱን አትተዉ፣ አካባቢው ያምራል፤ ደብረ ሲና ማርያምን ማየት ብቻውን ይበቃል። መንገዱን ጠይቃችሁ በማለዳ ሂዱና እዚያው ካሉ ባለ ጀልባዎች ጋር ሳትሳፈሩ ዋጋ ቁረጡ። ጃኬቱን በሰው ልክ ቆጥራችሁ ልበሱ፣ ሒሳቡን ስትመለሱ ክፈሉ። ቀብድ የግድ ነው ካሏችሁም «ካልተያዘ» ማለት ምን እንደሆነ፣ ማን ሲይዘው፣ ስንት ኪሎ፣ በጽሑፍ አስልኩ። መልስ ካጡ ተዉት።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል። እኛ ማስታወቂያውን፣ የቴሌብር መልእክቱንና የአሳውን ፎቶ ይዘን ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክተናል። በዚሁ ጉዞ የተታለላችሁ ካላችሁ የተላላካችሁትን ሳታጠፉ እናንተም አመልክቱ፤ ቻናሉ ስሙን ስለሚቀያይር ፎቶውን አንስታችሁ ያዙት።