ለብቸኛ ንቦች የሚሸጠው የቀርከሃ ሳጥን

ይህ በቀርከሃ ቁርጥራጮች የተሞላ ሳጥን ቀፎ አይደለም፤ ማርም አይሰጥም። በመንጋ የማይኖሩ፣ እያንዳንዷ ሴት ለብቻዋ ጎጆ የምትሠራ ንቦች በከተማ ግቢና በረንዳ እንዲባዙበት የታሰበ ነው። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ አሠራሩ ግን ብዙ ይቀረዋል።

ትልቁ ጉድለት የቀርከሃው ማጠር ነው። 8 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ 15 ያስፈልጋል። ንቧ በቀርከሃው ቀዳዳ ውስጥ ሴት የሚሆኑትን እንቁላሎች ከጥልቁ፣ ወንዶቹን ከአፉ አጠገብ ስለምትጥል፣ ቀዳዳው ሲያጥር የሚፈለፈሉት በአብዛኛው ወንዶች ይሆናሉ፤ በቀጣዩ ዓመት ጎጆ የምትሠራ ሴት ታንሳለች። የቀርከሃው የኋላ ጫፍ የግድ መደፈን አለበት። አፉ ላይ ያለው ስንጥር ክንፍ ስለሚቀድ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ከ10 ሚሊ ሜትር የሰፉት ቀዳዳዎች እምብዛም አይጠቅሙም፤ ከ3 እስከ 8 ያሉት ይሻላሉ። የጥድ ፍሬ የታጨቀበት ክፍል ለእነዚህ ንቦች ምንም አይፈይድም፤ አውጥታችሁ ረጅም ቀርከሃ ሙሉበት።

ጣሪያው ወደ ፊት ወጣ ማለቱ ያስመሰግነዋል፤ እርጥበት ሻጋታ አምጥቶ እጮቹን ይገድላልና። የጠዋት ፀሐይ በሚያገኝ ግድግዳ ላይ፣ ከመሬት ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ እንዳይወዛወዝ አጥብቁት። አሮጌ ቀርከሃ ተባይ ስለሚያጠራቅም፣ ንቦቹ ወጥተው ሲያልቁ በየ2 ዓመቱ ቀይሩት።