የኢኤስአር ሜትር ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ በአሮጌ ራዲዮና አምፕሊፋየር ላይ

ይህች በባትሪ የምትሠራ የእጅ ሜትር የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተርን ኢኤስአር (ካፓሲተሩ ሲያረጅ የሚጨምረውን የውስጥ ሬዚስታንስ) ከቦርዱ ሳይነቅሉ ለመለካት ከወራት በኋላም አስተማማኝ ናት። የምትለካው በ100 ኪሎኸርዝ ነው፤ የምትልከው ቮልቴጅ ደግሞ ዳዮድና ትራንዚስተር ከሚከፍተው ያነሰ ስለሆነ በዙሪያው ያለው ዕቃ ልኬቱን ብዙም አያዛባም።

ለመነሻ ያህል ጤነኛ 1000 ማይክሮፋራድ 0.1 ኦም አካባቢ፣ 100 ማይክሮፋራድ ከግማሽ ኦም በታች፣ 10 ማይክሮፋራድ ከ1 እስከ 3 ኦም ያሳያል። ከዚህ ብዙ እጥፍ ካለፈ ይቀየር። ሁለቱን ፕሮብ አገናኝቶ ዜሮ ማድረግ ግን አይዘለልም፤ ገመዱ ሲላላ 0.2 ኦም ከጨመረ ደህናውን 1000 ማይክሮፋራድ የሞተ ያስመስለዋል።

ቻርጅ የያዘ ካፓሲተር ሜትሯን ያቃጥላል። በ10 ኪሎኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ይራገፍ፤ 300 ቮልት የያዘ 100 ማይክሮፋራድ በ5 ሰከንድ ወደ 2 ቮልት ይወርዳል። ባዶ መሆኑን በመልቲሜትር ማረጋገጥም ያስፈልጋል።

የማታየው ነገር አለ። ሾርት የሆነውን ካፓሲተር «በጣም ጥሩ» ትለዋለች፤ በፓራሌል ከጤነኛ ጋር የታሰረው በሽተኛም ያመልጣታል። ከሁሉ የከፋው ሊኬጅን (በካፓሲተሩ ውስጥ ሾልኮ የሚያልፍ ዲሲ ከረንት) አለማየቷ ነው፤ የቱቦ ራዲዮን የወረቀት ካፓሲተሮች የሚገድላቸው ደግሞ እሱ ነው። የውጤት ቱቦውን ግሪድ (ሲግናሉ የሚገባበትን መቆጣጠሪያ እግር) በመልቲሜትር ይለኩ፦ ፖዘቲቭ ቮልት ካለና የካፕሊንግ ካፓሲተሩ (ሲግናሉን ከቀዳሚው ቱቦ ወደ ግሪዱ የሚያሳልፈው) አንድ እግር ሲነቀል ከጠፋ፣ ጥፋተኛው ካፓሲተሩ ነው። በ470 ኪሎኦም የግሪድ ሬዚስተር ላይ 10 ማይክሮአምፒር ሊኬጅ 4.7 ቮልት ይፈጥራል፤ ባያሱ (የግሪዱ መነሻ ቮልቴጅ) ይበላሻል፣ ቱቦው ይግላል፣ ቀጥሎ የውጤት ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ስለዚህ የወረቀቶቹን መለካት ጊዜ ማባከን ነው፤ ሁሉም በ630 ቮልት ፊልም ካፓሲተር ይተኩ።

በኤሌክትሮላይቲኮቹ 8 ማይክሮፋራድ የነበረውን በ10 መተካት ይቻላል፤ ቮልቴጁ ከነበረው አይነስ፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ ይሁን። ከቱቦ ሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ ከሚቀይረው ቱቦ) ቀጥሎ ያለውን የመጀመሪያውን ግን ማሳደግ ቱቦውን ይጎዳል። የካፓሲተሩ ኔጌቲቭ ሁሌም ሻሲ (የራዲዮው የብረት አካል) ላይ ነው ብሎ መገመትም አደገኛ ነው፦ አንዳንድ ራዲዮኖች ባያስ የሚያገኙት በኔጌቲቩና በሻሲው መካከል ካለ ሬዚስተር ነው፤ አዲሱን በቀጥታ ሻሲ ላይ መበየድ ባያሱን ያጠፋዋል። ከመብራት መስመር ወደ ሻሲ ለሚገባው ካፓሲተር ደግሞ የዋይ 2 (ለመብራት መስመር የተሠራ የደህንነት ካፓሲተር) ደረጃ ያለው ብቻ ይደረግ።