አሴፕራይት፣ ሊብረስፕራይት፣ ፒክሰሎራማ ወይስ ፒስኬል? ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ የጌም ሠዓሊዎች

አራቱም የፒክስል ሥዕል መሥሪያ ፕሮግራሞች ናቸው። በአራቱም ካሬ በካሬ ይሳላል፤ እርሳስ፣ ላጲስ፣ የቀለም ባልዲና ሌየር (ተደራራቢ የሥዕል ንጣፍ) የሌለው የለም። ስለዚህ «የቱ ያምራል?» ብሎ መጠየቅ ለገዢ አይጠቅምም። የሚለያዩት በአከፋፈል፣ በላፕቶፑ አቅምና ፍሬሞቹ (የእንቅስቃሴው ተከታታይ ሥዕሎች) ወደ ጌሙ በሚገቡበት መንገድ ነው። ፍርዳችን ከወዲሁ ይነገር፦ ላፕቶፑ ደካማ ከሆነ ሊብረስፕራይት፣ ደህና ከሆነ ፒክሰሎራማ። አሴፕራይት የሚገዛው እንቅስቃሴ የበዛበት ሥራ ሲመጣ ነው።

አሴፕራይት 19.99 ዶላር ነው፤ አንዴ ከተከፈለ ወርሃዊ ክፍያ የለውም። የሚያስቸግረው አከፋፈሉ ነው፦ ተራ የብር ካርድ ውጭ አገር ድረ ገጽ ላይ አይሠራም። ስለዚህ ወይ በዶላር የሚከፍል ካርድ፣ ወይ ውጭ ያለ ዘመድ ያስፈልጋል። ሌላም መንገድ አለ። ምንጭ ኮዱ በይፋ ስለተቀመጠ ለግል መጠቀሚያ ራስ ኮምፓይል ማድረግ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም መለወጥ) ይፈቀዳል፤ የተሠራውን ለጓደኛ ማደል ግን ክልክል ነው። ለዚህ ሲሜክና ኒንጃ የሚባሉት የኮምፓይል መሣሪያዎች፣ ስኪያ የሚባለው የሥዕል ላይብረሪ፣ በዊንዶውስ ደግሞ ቪዥዋል ስቱዲዮ ይፈለጋሉ። ቪዥዋል ስቱዲዮ ብዙ ጊጋባይት ስለሚበላ በሞባይል ዳታ አይሞከርም። ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው የስኪያው ቅጂ ከአሴፕራይቱ ቅጂ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው፤ የሚፈለገው ቅጂ ከኮዱ ጋር ባለው የመጫኛ መመሪያ ተጽፏል። የሙከራው ቅጂ ሁሉን ያሠራል፣ ግን ሥራውን አያስቀምጥም። በፍላሽ የሚዞረውን ክራክ አትንኩት፤ ነጻ አማራጭ እያለ ቫይረስ መሸከም ሞኝነት ነው።

ሊብረስፕራይት አሴፕራይት እ.ኤ.አ. በ2016 ፈቃዱን ሲቀይር ከመጨረሻው ነጻ ኮድ ተገንጥሎ የወጣ ነው። ቀላል ስለሆነ አሮጌ ማሽን ላይ አይንቀራፈፍም። አቋራጭ ቁልፎቹ በአብዛኛው አንድ ስለሆኑ ነገ አሴፕራይት ቢገዛ እጅ እንደ አዲስ አይማርም። የጎደለው ታይልማፕ (ትናንሽ ካሬ ሥዕሎችን እየደጋገሙ የጌም ካርታ መገንቢያ) ነው፤ የአሴፕራይት 1.3 ታይልማፕ ሌየር ያለበት ፋይል ቢላክላችሁ በትክክል አይከፍትላችሁም።

ፒክሰሎራማ ነጻ ነው፣ የተሠራውም ጎዶት በሚባለው የጌም መሥሪያ ሞተር ነው። ከ1.0 ወዲህ ያሉት ቅጂዎች በጎዶት 4 ላይ ስለቆሙ አሮጌ የግራፊክስ ቺፕ ላይ ላይከፈቱ ይችላሉ፤ ያኔ የ0.11 ቅጂ ይሞከር። ፒስኬል በብሮውዘር ይከፈታል፣ ለመቅመስ ጥሩ ነው። ነገር ግን ለሁሉም ፍሬም አንድ ፍጥነት ብቻ ይሰጣል። ዳገት የሚወጣ ባጃጅ ብንሥል ለመንቀጥቀጡ ሁለት ፍሬም፣ እያንዳንዱ 100 ሚሊሰከንድ ይበቃዋል፤ ቆሞ ሰው ሲጭን ግን አንዱ ፍሬም 600 ሊቆይ ይገባል። ይህን ፒስኬል ላይ ለማግኘት ያንኑ ፍሬም ስድስት ጊዜ መደጋገም ግድ ነው።

አሁን አሴፕራይትን ወደ ማስተካከሉ። 1366 በ768 በሆነ ስክሪን ላይ የአሴፕራይት ቁልፎች ግማሹን ቦታ ከያዙት በምርጫዎች ውስጥ የስክሪን ማጉያውን ወደ 100 በመቶ አውርዱት። የቀኝ ክሊክ ሲጀመር በሁለተኛው ቀለም ይቀባል፤ ወደ ማጥፊያ ለውጡት፣ እጅ ከማውሱ ሳይነሳ ይሠራል። ፒክስል ፐርፌክት የሚለውን አብሩ፤ አለበለዚያ ባለ አንድ ፒክስል መስመር መታጠፊያው ላይ ያብጣል። ኤፍ 3 ያለፈውን ፍሬም በስሱ ያሳያል፣ ኤፍ 7 ትንሿን ማሳያ ይከፍታል፤ ያለ ማሳያው በ16 እጥፍ አጉልቶ የሚሥል ሰው ዓይን በትክክለኛው መጠን የማይታይ ዝርዝር ይጨምራል። የማገገሚያ ቅጂ የሚቀመጥበትን የደቂቃ ልዩነት አሳጥሩት። ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋ የሚተርፈው እሱ ብቻ ነው። ፓሌቱን (የምትጠቀሙበትን የቀለም ስብስብ) ከ16 ቀለም አታሳልፉ።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ሲወጣ ነው። በፒኤንጂ አውጡ፤ ጄፔግ የካሬውን ጠርዝ ያደበዝዛል። ስታጎሉ በሙሉ ቁጥር፣ 2 ወይም 3 ወይም 4 እጥፍ እንጂ 1.5 አይሆንም፤ አንዱ ካሬ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ይሆናል። በስፕራይት ሺቱ (ፍሬሞቹ ሁሉ በተደረደሩበት አንድ ሥዕል) ላይ በፍሬሞቹ መካከል አንድ ፒክስል ክፍተት ተዉ፣ ካልሆነ የጎረቤቱ ቀለም በጠርዝ በኩል ይሾልካል። ጎዶት 4 ላይ የቴክስቸር ማጣሪያውን ኒረስት፣ ዩኒቲ በሚባለው ሌላ የጌም ሞተር ላይ ደግሞ ፖይንት አድርጉና መጭመቂያውን አጥፉ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ።

የሥዕል ታብሌትስ? ለ16 በ16 ወይም ለ32 በ32 ፒክስል ስፕራይት (ትንሽ የጌም ሥዕል) አያስፈልግም፤ ማውስ አንድን ካሬ ከብዕር ይልቅ በትክክል ይነካል። ታብሌት ዋጋውን የሚመልሰው 320 በ180 የሆነ ዳራ ሲሣል፣ ለምሳሌ የጦሳን ተራራ ሸንተረር በአንድ ትንፋሽ ለመሳብ ነው። ያኔም የብዕሩን የግፊት መጠን አጥፉት፤ ክፍት ከሆነ መስመሩ አንዴ ባለ አንድ፣ አንዴ ባለ ሦስት ፒክስል ይወጣል።